ታጥቦ የተሰጣው ቁርጥራጭ

ጋሽ ቅጠሉ ከቀለም ድስታቸው አጠገብ ተዘርረው የተገኙት ከምሳ በኋላ ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም እንኳ ይህ አልነበረም፤ ጨርቅ የሚነክሩት በቅጠልና በሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ስለሆነ ሰፈሩ የለጠፈባቸው ነው። ሐኪሙ አገላብጦ አያቸውና «የከሰል ጭስ ነው፤ ሳይታወቅ አቅም ይነሳል» አለ። ይኼኔ የልብስ ስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰፊዋ ላይ ተከለ። ከሰሉን ያቀጣጠለችው እሷ አይደለች እንዴ!

ምስኪን፣ እነሱ የማያውቁትን የባሰ ነገር ይዛ ነበር። ሽማግሌው ሲጣሩ ሰምታለች። ሰምታም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ቤት ክር እንኳ አይጣልም፤ ትልቁ ቁርጥራጭ ኪስ ይሆናል፣ ትንሹ ትራስ ይሞላበታል። ጠዋት ሰፊዋ አንድ እፍኝ ቁርጥራጭ ጥራጊ ውስጥ ስትጥል ጋሽ ቅጠሉ ያዟትና በሰው ፊት ከቆሻሻው መሃል አስለቀሟት። እልክ ያዛት። ድምፃቸው ከቀለም ክፍሉ ሲመጣ የስፌት መኪናዋን ይበልጥ አስጮኸችው። አሁን ይህንን አፍ አውጥታ ብትናገር ምን ይሏታል? ገዳይ ነዋ!

መርማሪዋ አጭር፣ ወፈር ያለች፣ የካፖርቷ እጅጌ ሁለት ቦታ የተጣፈ ሴት ናት። ስትገባ ጣፉን እያሳየች «እዚህ ቤት ሥራ አገኛለሁ መሰለኝ» አለች። ማንም አልሳቀም። በቤቱ የነበሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሰፊዋ፣ ቆራጩና ሠራተኞቹ እትዬ የሚሏት የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ የሟቹ ታናሽ እህት።

«ከሟቹ ጋር ትጣላ ነበር?» አለችው ቆራጩን።

«ከእሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? መቀሴ አንድ ጣት ሳት ካለ ቀኑን ሙሉ ሲነተርኩኝ ይውላሉ። ደግሞ እወዳቸው ነበር» አለና እንባው ቀደመው።

እትዬ አላለቀሰችም። «የጭሱ መውጫ ክፍት ነው፣ ይዩት። ይህች ልጅ ያልጋመ ከሰል አስገባችበት። ሌላ ምን አለው?»

«ነገ ትልልቅ ገዢዎች ይመጣሉ አሉ?»

«አዎ፣ ከሩቅ ነው የሚመጡት። የቅጠል ቀለማችንን ብለው።»

መርማሪዋ የጓዳውን ቁልፍ ከእትዬ ተቀብላ ወደ ጓሮ ወጣች። በርሜል ላይ ቆማ የጭሱን ቀዳዳ በጣቷ ስትዳብስ፣ ከዚያም የልብስ ማስጫውን ገመድ ቆማ ስታይ ሰፊዋ በመስኮት ተመለከተቻት። ሴትየዋ የዋዛ አይደለችም። ተመልሳ መጥታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ስስ ነው። ሲጣሩ አልሰማሽም?»

«አል... አልሰማሁም። መኪናው ይጮሃል።»

ሰፊዋ ፊቷ በእፍረት ሲግል ተሰማት፤ ቀና ብላ ማየትም አቃታት።

ኋላ ሦስቱንም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ቀዳዳው ክፍት መሆኑ እውነት ነው» ብላ ጀመረች። «ግን ዙሪያው ሁሉ ጥቀርሻ ለብሶ፣ ውስጡ የተወለወለ ይመስላል። አንድ ነገር ተወትፎበት ነበር ማለት ነው፤ ሲጎተት ጥቀርሻውን ይዞ ወጣ። ምን ነበር? ገመዱ ላይ ገና ውኃ የሚያንጠባጥብ ጨርቅ አየሁ። ልብስ እንዳይመስላችሁ፣ መዳፍ የማታህል ቁርጥራጭ ናት ሁሉም። ሰው ሞቶ እሷን ማን ያጥባል? ጥቀርሻ ደግሞ በአንድ እጥበት አይለቅም፤ ምልክቱ አሁንም አለ።»

«ወይ ጉድ!» አለ ቆራጩ።

«ሌላ ቤት ቢሆን እሳት ውስጥ ይከቱት ነበር፤ እሳቱም እዚያው ነው። እዚህ ቤት ግን እጅ ጨርቅ መጣል እምቢ ይላል። ሟቹ አስለምደዋችኋላ። ወደ ጓሮው የሚያወጣው ደግሞ ጓዳው ብቻ ነው፤ በቁልፍ። ጓዳው ውስጥ ምን አገኘሁ? የፋብሪካ ቀለም፣ በጆንያ። ቅጠል አይደለም።»

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። እሷ ግን ቅንድቧም አልተነቃነቀም።

«ቁልፉን ከምሳ በፊት ለቆራጩ ሰጥቼው ነበር» አለች።

«የምቆርጠውን ጣቃ ጨርቅ አውጥቼ ቁልፉን መልሼልዎት የለም እንዴ!»

«መቼ? ማን አየ?»

ቆራጩ ክው አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። መርማሪዋም ምስክር አልነበራትም። ሰፊዋ ወደ ቆራጩ ዞራ አየችው። ይህ ሰው ምንም ሳያደርግ ሊታሰር ነው፣ እሷ እያወቀች። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«ሲጣሩ ሰምቻለሁ» አለች ብድግ ብላ።

«ምን አሉ?»

«‹እህቴ፣ አይቼሻለሁ፣ ቀዳዳውን ክፈቺልኝ› አሉ። እንደ ወትሮው ከእትዬ ጋር የሚጨቃጨቁ መሰለኝ። ቀጥሎ... ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። ‹ልጄ› አሉኝ። እልክ ይዞኝ አልሄድኩም።»

እትዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ነገ ለገዢዎቹ የፋብሪካ ቀለሙን ነገር ሁሉ እናገራለሁ አለኝ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «እለምነዋለሁ፣ እምቢ። ራሱን አሞት ቢተኛልኝ ብዬ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ! ስመለስ ወድቋል። ጋሼ ብለው፣ ጋሼ ብለው...» ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ልቅሶ ለጠላትም አይመኙትም።

መርማሪዋ ክንዷን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻት። እትዬ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆማ ወደ ሰፊዋ ዞረች። ቁጣ አልነበራትም፤ የምር መጠየቋ ነበር።

«የወተፍኩት እኔ ነኝ። ግን አንቺ ብትሄጂለት ኖሮ ይድን ነበር፣ አይደል?»

«ይህንን ሕግ አይጠይቃትም» አለች መርማሪዋ ቶሎ ብላ። «ልጄ፣ አትመልሺላት።»

ሰፊዋ ግን መለሰች።

«አዎ» አለች። «ይድኑ ነበር።»