ቀሪ ሱፍ

ምንተስኖት ከሞላሌ ወጣ ብሎ ካለው ገደል ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ባና የተባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኞች ማኅበር የዕቅድ ሠራተኛ ነበር። «የሐሰት ቁጥር ሲሠራ ተደርሶበት፣ አፍሮ ራሱን ወረወረ» ተባለ። ኢንስፔክተር ጽናት ግን አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የተመታው ማጅራቱን ነው፤ በደረቀው ደም ላይም ታጥቦ የተባዘተ ሱፍ ተጣብቋል። እንዲህ ያለ ሱፍ የሚገኘው የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነው።

«ማን ደረሰበት?» ስትል ሊቀ መንበሩን አቶ አፈወርቅን ጠየቀቻቸው።

«የመጋዘን ኃላፊው አንዷለም ነገረኝ። እኔማ ኮምፒዩተሩ ያወጣውን አያለሁ እንጂ ስሌቱን የት አውቄ!»

አንዷለም የሟቹ አበልጅ ነው፤ ዓይኑ እስኪያብጥ አልቅሷል። «‹ቀሪ ሱፍ› የሚለው ላይ ያሻውን ቁጥር ሲጽፍ በዓይኔ አየሁት። ምነው ባልተናገርኩ!»

በማግስቱ ሁለቱን ሰዎችና የሟቹን ሚስት ሰርካለምን ቢሮ ሰብስባ ኮምፒዩተሩን ከፈተች።

«አቶ አንዷለም፣ እስቲ እሱ እንዳደረገው ቁጥሩን ይቀይሩት።»

አንዷለም የኮምፒዩተሩን ቁልፎች መታ። ደገመ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«በእጅ አይጻፍማ» አለች ጽናት። «የነበረው ላይ የገባውን ደምሮ፣ የወጣውን ቀንሶ ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል። የሚቀየረው የስሌቱ ደንብ ነው፤ ተቀይሯልም። ሱፍ ሲታጠብ የሚጎድለው ሚዛን ሁለት ጊዜ እንዲቀነስ ተደርጓል። በልዩነቱ ልክ ከመጋዘን ሱፍ ቢሰረቅ ማንም አያውቅም። ደንቡ የተቀየረው ደግሞ ምንተስኖት ለቀብር ወደ ዘመሮ ከተማ በሄደበት ቀን፣ በእሱ የይለፍ ቃል ነው። ወይዘሮ ሰርካለም፣ ቃሉን ያውቁታል?»

«የልጃችን የክርስትና ስም ነው።»

«ስሙን ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

ሰርካለም ቀስ ብላ ወደ አንዷለም ዞረች።

«የክርስትና አባቱ» አለች።

አንዷለም ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። «ነቅቶብኝ መጋዘን መጣ» አለ። «‹ሌላ ሰው ነው በለኝ፤ አምንሃለሁ› አለኝ። ‹አዎ፣ ሌላ ሰው ነው› አልኩት። አምኖኝ ጀርባውን ሲሰጠኝ...»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ሰርካለም አላለቀሰችም።

«እሑድ ልጄን ላቆርብ ነው» አለች። «ካህኑ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁኝ በምን አፌ ልጥራው?»