ሰው ያልነበረበት ጨዋታ

ኦርቫል ሉንድግሬን የተገደለው እሑድ ከሰዓት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ገዳዩ የበረዶ መስበሪያውን ብረት ከበረንዳው አንስቶ ከኋላው አናቱን መትቶታል። ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተዋጋበት ኮምፒውተር ፊት ለፊቱ ጠፍቶ ቆሟል። ግድግዳው በእጁ በጻፋቸው ወረቀቶች ተሸፍኗል። በጦርነት ጨዋታ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያዘውን ጠላት እንዴት ማሸነፍ እንደሚቻል ለጀማሪዎች የጻፋቸው ምክሮች ናቸው።

«ለጨዋታ ይሄ ሁሉ ወረቀት!» ብሎ ሳቀ ረዳት መርማሪው ሮስኮ።

መርማሪ ማርሊስ ቲቬት ዞር ብላ ገላመጠችው። «ሬሳ ፊት ቆመህ ነው የምትስቀው? አንብብ!»

ሮስኮ እያፈረ አነበበ። «ማሽኑ ሁልጊዜ ወደ ቅርቡ ዒላማ ይሮጣል። ድልድዩ አጠገብ ባዶ ጎጆ ሥራለት፤ መድፎችህን ግራና ቀኝ ደብቅ። አሥር ጊዜ ብታጠምደው አሥር ጊዜ ይመጣል። የቆሰለ ታንኩን ወደ ኋላ አያወጣም፤ እስኪነድ ያዋጋዋል። አንተ ግን አውጣ፤ ጠግን። ከማሽኑ የምትበልጠው እዚህ ላይ ነው።»

ሐኪሙ ሞቱን ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ አደረገው። የጨዋታው ድረ ገጽ ደግሞ ኦርቫል በስሙ የመጨረሻውን ጨዋታ ከስምንት ሰዓት ከአርባ እስከ አሥር ሰዓት መጫወቱን ያሳያል። አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ልጁ ሲግሪድ ብቻዋን ገብታለች። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ!» አለች ሲግሪድ ጠረጴዛውን እየመታች። «ለማሽን የምትሰጠውን ጊዜ ግማሹን ለእኔ ስጠኝ አልኩት። ይሄ ነው ወንጀሌ? ስገባ ሞቶ ነበር!»

«አለቃ፣» አለ ሮስኮ ውጭ ሲወጡ፣ «እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ነገ ማታ እስር ቤት መግባት አለባት።»

«እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለኝ ማለት ነው።»

የጨዋታው ክበብ ባለቤት ዶሎረስ ካንጋስ እንግዳ የሚቀበል ፊት አልነበራትም። «አንቺ ልጅ፣ ኦርቫል ዛሬ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። እንደ እብድ ይጮሃል። ‹ክበብሽ ውስጥ በሰው ወንበር ማሽን ተቀምጧል፤ ሰኞ መጥቼ አሳይሻለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ሂድና ተኛ› ብዬ ዘጋሁበት።» ዓይኗ ቀላ። «ዘጋሁበት!»

«ከሰዓት እዚህ ማን ነበር?»

«ብሬንት ማኪ። ሻምፒዮናችን ነው፤ ማክሰኞ ለብሔራዊ ቡድን ሊፈርም ቺካጎ ይሄዳል። ስምንት ተኩል ላይ መጣ፤ እስከ አሥር ተኩል አልተነሳም።»

«የራሱን ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ይዞ?»

«ተከፍቶ ነበር። ግን ምን ይነካዋል! ሁለት ሰሃን የተጠበሰ አሳ በሁለት እጁ ሲበላ፣ ጣቱን ሲልስ አይቼዋለሁ።»

ብሬንትም ፈገግ ብሎ ያንኑ ደገመ። «መርማሪ፣ አሳ የያዘ እጅ ጦር አያዝም። ሽማግሌውን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰው ስለሚፈራ ከማሽን ጋር ብቻ ይጫወታል።»

ማርሊስ ትታው ወጣች። ቢሮዋ ገብታ የኦርቫልን የመጨረሻ ጨዋታ ከድረ ገጹ ከፍታ አየች። ከዚያ የቀደሙትን ሃያ ጨዋታዎች አየች። ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ለዳኛው ደወለች።

በማግስቱ ሁሉንም ክበቡ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ ጨዋታው በትልቁ ይታያል።

«ሲግሪድ፣ አባትሽ ታንኩ ሲመታ ምን ያደርግ ነበር?»

«ያወጣዋል። አንድም ጥሎ አያውቅም፤ እስቅበት ነበር።»

«በሃያዎቹ ጨዋታዎች ሁሉንም አውጥቷል። እሑድ ግን አሥራ አራት ታንክ ተመታ፤ አንድም አልወጣም። ተመልከቱ፤ የጠላትን ባዶ ጎጆ አይተው እነዚህ የ‹ኦርቫል› ታንኮች ወደ ድልድዩ ይሮጣሉ፤ ይነዳሉ፤ እንደገና ይሮጣሉ። ወጥመድ ያስተማረ ሰው እንዲህ ይጠመዳል?»

«ሌላ ሰው ነው የተጫወተው!» አለ ሮስኮ።

«ሰው አይደለም። በሁለቱም ወገን ማሽን ነው። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰው የለም።» ወደ ብሬንት ዞረች። «አንተ ሻምፒዮን የሆንከው በራሱ የሚዋጋ ፕሮግራም ደብቀህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ማሽን ሲያጠና የኖረ ሰው ያንተን ጨዋታዎች ድረ ገጹ ላይ ሲያይ የማሽኑን ጠባይ ለየው። ‹በሰው ወንበር ማሽን› ያለው አንተን ነው። ቀድመህ ቤቱ ሄደህ ገደልከው፤ ኮምፒውተሩን አጠፋህ። ከዚያ እዚህ ተቀምጠህ በስሙ ገባህና ፕሮግራምህን ለቀቅከው። እጅህ አሳ ላይ የነበረው ለዚህ ነው።»

«የይለፍ ቃሉን ከየት አምጥቼ?»

«ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎታል። የገባ ሁሉ ያየዋል።»

«ጨዋታ ነው እኮ! ይሄ ማስረጃ ነው?»

«ጨዋታው በተጫወቱበት ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ያስቀምጣል። የኦርቫል ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሳይቀር አለ፤ የእሑዱ የመጨረሻው ብቻ የለም። የዳኛ ትእዛዝ ይዣለሁ። ያንተን ክፈተው።»

ብሬንት ኮምፒውተሩን ይዞ ሊነሳ ሲል ዶሎረስ ሁለት እጇን ክዳኑ ላይ ጣለች። «ከዚህ ንቅንቅ አትልም፣ አንተ ውሸታም! አሳዬን እያጎረስኩህ!»

ሮስኮ ከፈተው። ቅጂው እዚያው ነበር፤ ስምንት ሰዓት ከአርባ።

«ደውሎ ሲነግረኝ ዝም በል አልኩት!» ብሎ ጮኸ ብሬንት። «አንድ ቀን ብቻ ዝም ቢል ምን ነበረበት!»

ከወሰዱት በኋላ ሲግሪድ አልተንቀሳቀሰችም። «አባቴ ራሱ የተጫወተውን የመጨረሻ ጨዋታ አሳዪኝ፣» አለች።

ማርሊስ እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ያለቀውን ከፈተችላት። የጠላት ከተማ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶታል። ኦርቫል ግን ሠራዊቱን ሁሉ አቁሟል። አንዲት የተመታች ታንክ እየጨሰች፣ እየተጎተተች በድልድዩ ትመለሳለች፤ ሁሉም ይጠብቋታል።

«የማይረባ ሽማግሌ!» አለች ሲግሪድ ጥርሷን ነክሳ። የተመታችው ታንክ ድልድዩን እስክትሻገር ግን ዓይኗን አልነቀለችም።