የቆቅ ዋሻ የመድን ካርድ

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማማዋ ላይ ሆና ከማሽላዋ ወፍ ታባርር የነበረች ሴት ከገደሉ ሥር የወደቀ ሰው አይታ ጮኸች። ሰው ሲደርስ ዒምራን ነበር። የቆቅ ዋሻ አስጎብኚ፣ ከጎብዬ እስከ ዋጃ የማያውቀው የሌለ፣ የአርባ ዓመቱ ዒምራን ድንጋይ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ሞቷል። እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማዎቹ ከአስከሬኑ ጥቂት እርምጃ ርቀው ወድቀዋል። ከኪሱ የተገኘው ደግሞ ፊርማው ያረፈባቸው የጤና መድን ካርዶች ነበሩ።

ኢንስፔክተር ማሚቴ ከቆቦ ስትደርስ ሕዝቡ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። «ስሟ የሞግዚት እንጂ የመርማሪ አይደለም» እያሉ የሚቀልዱባት ብዙ ናቸው፤ ከቀለዱባት መካከል ሁለቱ አሁን እስር ቤት ናቸው። ሃምሳን አልፋለች፤ ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ሰው ሲያወራ አታቋርጥም።

«ራሱን ነው የጣለው» አሏት። «ሌብነቱ ሲወጣበት አፈረ።»

«ጫማውስ?»

«ሲወድቅ ወልቆ ነዋ።»

ማሚቴ ጫማዎቹ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ማሰሪያቸው ተፈቷል። ካልሲዎቹ ተጠቅልለው በየጫማው ውስጥ ገብተዋል። እንዳሉ እንዲነሱ አዘዘች።

የሌብነቱ ወሬ ከካርዱ የመጣ ነው። እንግዳ እንደገና ብቅ ማለት ሲጀምር፣ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር አንድ ደንብ አወጣ፦ ማንኛውም የውጭ ዜጋ የመግቢያ ክፍያ ሳይከፍልና የጤና መድን ካርድ ሳይገዛ ቆቅ ዋሻን አያይም። ቢታመም፣ ቢሰበር፣ መድኑ መኪናውንም ሐኪሙንም ይሸፍናል። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ሰውም ወደደው። ለእንግዳው አስረድቶ ካርዱ ላይ የሚፈርመው ዒምራን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን አንዲት አሮጊት ሆላንዳዊት መምህርት ከዋሻው ደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ቢደወል ቢደወል አይነሳም። ኃላፊነት የሚወስድ ጠፍቶ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትንከራተት ቁስሉ መረቀዘና እግሯ ተቆረጠ። ያን ሁሉ መንገድ እጇን ይዟት የሄደው ዒምራን ነበር።

አርብ ዕለት ተቀበረ። ከቅሬው፣ ከመንደሩ የቀብር ዕድር፣ ግማሹ ቀብር አልወጣም። ማሚቴ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ ለቅሶ ቤት ሄዳ ከሚስቱ ከዓሊማ አጠገብ ተቀመጠች።

«አብሽሪ፣ ዓሊማ።»

«እንዴት ብዬ፣ እትዬ? የቅሬው ዳኛ ሸህ ታሂር፣ ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ለሦስተኛው ቀን ዱዓ እንዴት እንደምንቀመጥ እንጃ፤ ፖሊስ የሚለውን እንስማ ብለውኛል። እሑድ ሦስተኛው ቀን ነው። ከእሑድ በኋላ ልጆቼ የሌባ ልጅ፣ ራሱን የገደለ ሰው ልጅ ሆነው ነው የሚያድጉት።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ማክሰኞ ደሴ ሄዶ ነበር። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቢሮ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው የእህል ወፍጮ ነው። ሲመለስ አለቀሰ፤ ወላሂ፣ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። "አብሮኝ የበላ ሰው ነው፤ ከሌላ አፍ ሳይሰማ እኔው ልንገረው፤ ከዚያ ራሱ ሄዶ ይናገር" አለኝ። ማን እንደሆነ ግን ስሙን አልነገረኝም።»

የማሚቴ ዓይን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ባለመስመር ፎጣ ላይ አረፈ።

«የሱ ነው?»

«የሚሰግድበት ነው። ዛሬ ጧት ፍቅሩ ከቢሮ ዕቃውን ሰብስቦ አመጣልኝ፤ ጃንጥላውን፣ ኩባያውን፣ እሱን። እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር? ሚዜው ነው፣ እትዬ። አሥራ አምስት ዓመት ከዚህ ቤት ሳይቀምስ ያለፈበት ሳምንት የለም።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር ፍቅሩ ይህን ጊዜ ደጁ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ጎንበስ ቀና እያለ ንፍሮ ያድል ነበር። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ማሚቴ ስትወጣ ለእሷም አቀረበላት።

«አንተስ?» አለችው።

«ጾም ነኝ፣ ኢንስፔክተር።»

ማሚቴም አርብን ትጾማለች። የጾሙ ሰዓት ግን ካለፈ ቆይቷል፤ ንፍሮ ደግሞ ስንዴና ሽንብራ እንጂ ቅቤ የለውም። ዘግና እየቆረጠመች «የት ነበርክ ሐሙስ?» አለችው።

«ጎብዬ፣ ስብሰባ። ስድስት ሰዓት ላይ እንዳለቀ ዒምራን ደወለልኝና "ፍቅሩ፣ አፍሬያለሁ" አለኝ። ምክር ፈልጎ እንደነበር አላወቅሁለትም። ምሳ በልቼ፣ ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ይህን ሰማሁ።»

«ካርዱን የሚሰጠውን ወኪል ማን ነው ያገኘው?»

ፍቅሩ አቀረቀረ። «በሞተ ሰው ላይ መናገር ይከብዳል። ያገናኘኝ እሱ ነው።»

ቅዳሜ ጧት ማሚቴ ወደ ዋሻው ወጣች። ቲኬት የምትቆርጠው ማርታ መስኮቷ ላይ አገጯን አስደግፋ ተቀምጣለች።

«ሐሙስ መቼ ነው ያየሽው?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ። ውሃ በፕላስቲክ ይዞ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። የዓስር ሰላቱን ሁልጊዜ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ነው የሚሰግደው፤ "አየሩ ደስ ይላል" ይላል።»

«ተመልሶ ወርዶ ነበር?»

«የለም። ሁለት ጃፓኖች እሱን እየጠበቁ እዚሁ አጠገቤ ነበሩ፤ ጩኸቱ እስኪሰማ ካጠገባቸው አልተነሳሁም።»

«በዚህ በር ሌላ ሰው ወጥቷል?»

«በዚህ አልወጣም። በማሽላው በኩል ግን የአገሩ ሰው የሚያውቀው መንገድ አለ።»

«ካርዱን ማን ነው የሚያመጣልሽ?»

«ጋሽ ፍቅሩ። እሱ ከወኪሉ ይቀበላል።»

«ወኪሉን አይተሽዋል?»

«ማን ያየዋል? ሁልጊዜ "ትናንት መጥቶ ሄደ" ነው። ዒምራን እንኳ አንድ ቀን ላግኘው ብሎ ለምኖ አልተሳካለትም።»

ማሚቴ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አየች። ቀኙ ገደል ነው። ባዶው ፕላስቲክ ስንጥቅ ውስጥ ተወትፏል። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩንም ገደሉንም ብታስፈትሽ ምንም አልተገኘም።

የማኅበሩን መኪና የሚነዳው ዘካሪያስ ከመኪናው በታች ተኝቶ ነው ያናገራት።

«ከዒምራን ጋር ተጣልተን ነበር፤ አልዋሽም። ሴትዮዋ የተሰበረች ቀን "ናፍጣውን ማን ይከፍለኛል" ብዬ ሁለት ሰዓት አቆየኋት። በጥፊ አጮለኝ። ደግ አደረገ።»

«ሐሙስስ?»

«ዋጃ ጋራዥ። መኪናዋ ሆዷ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ ከመካኒኩ ጋር ነበርኩ፤ ጠይቂው።»

ጠየቀች። እውነቱን ነው። ጎብዬም ሄደች። ስብሰባው በእርግጥ ስድስት ሰዓት ላይ አልቋል፤ ፍቅሩ ግን ምሳ ሳይቀርብ ነበር በባጃጅ የሄደው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተቀመጠ። ሸህ ታሂር መሐል ናቸው፤ ዓሊማ ከሴቶቹ ጋር ናት። ማሚቴ ማርታን፣ ዘካሪያስንና ፍቅሩን በአንድ ትሪ ንፍሮ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ማርታ ዘገነች፤ ዘካሪያስም ዘገነ።

«ሸህ ታሂር፣ ፖሊስ ምን ይላል ብለዋል፤ ልንገርዎ» አለች ማሚቴ። «ዒምራን ራሱን አልጣለም። ጫማ በመውደቅ ቢወልቅ ማሰሪያው አይፈታም፤ ካልሲም ራሱን ጠቅልሎ ጫማ ውስጥ አይገባም። ጫማውን ላይ ሆኖ አውልቆ፣ በያዘው ውሃ ለሰላት ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ጫማዎቹን ሌላ ሰው ነው ከኋላው የወረወራቸው። ሲሰግድ እንደነበር እንዳይታወቅ።»

ሸህ ታሂር ከንፈራቸውን መጠጡ። «ማን?»

«ሊሰግድ ያለ ሰው ጠላቱን አጠገቡ አቁሞ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አያዞርም። ያመነው ሰው ነው። ዘካሪያስ ዋጃ ነበር፤ ማርታ ከእንግዶች ጋር። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ፍቅሩ፣ ለዓሊማ ያመጣኸውን ፎጣ የት አገኘኸው?»

«ከቢሮ። ወንበሩ ላይ ነበር።»

ማርታ ቀና አለች። «ኧረ ጋሽ ፍቅሩ፣ ሐሙስ ትከሻው ላይ አድርጎት ሲወጣ አይቼዋለሁ እኮ።»

«ሌላ ፎጣ ይሆናላ።»

«የለውም» አለች ዓሊማ ከሴቶቹ መሐል። «አንድ ነው ያለው።»

«ከእሱ ጋር ወጣ፤ ከእሱ ጋር ግን አልወደቀም» አለች ማሚቴ። «በማግሥቱ በፍቅሩ እጅ መጣ። ጫማውን ሲወረውር ፎጣውን መወርወር ከበደው። ዱዓ የተደረገበት ነገር ነው፤ የእኛ አገር ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ እንዲህ ያለውን ሜዳ ላይ አይጥልም። አጣጥፎ ለባለቤቱ መለሰ። ወፍጮ ቤቱን ቢሮ ያስመሰለ፣ የሌለ ወኪል ፈጥሮ ለእንግዳ መድን የሸጠ፣ አሮጊቷን እግር ያሳጣ ሰው ፎጣ መጣል አቃተው።»

«አልሰማም ይህን» አለ ፍቅሩ፤ ሊነሳ ግን አልሞከረም።

«ሌላም ያቃተው ነገር አለ። አርብ ጾም ነኝ አለኝ። ቅዳሜ ሲያሳልፍ ዋለ፤ ምንም አልቀመሰም። ዛሬ እሑድ ነው። ሸህ ታሂር፣ በዚህ አገር የሟችን ቤት እህል ውሃ የማይቀምስ ማን ነው?»

ሽማግሌው ሳይቸኩሉ መለሱ። «ደም ያለበት ነው። እርቅ እስኪወርድ።»

«በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከዚህ ቤት ሳይቀምስ ያለፈበት ሳምንት የለም ብላኛለች። ሦስት ቀን ሲያድል እንጂ ሲዘግን ያየው ሰው ካለ ይናገር።»

ዓሊማ ተነስታ መጣች። ከትሪው አንድ እፍኝ ዘግና ለፍቅሩ ዘረጋችለት።

«ብላ» አለችው። «ውሸት ከሆነ ብላና ዝም አሰኛት። እኔ ነኝ የማበላህ።»

ፍቅሩ እጇን አየ። እጁን አንስቶ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ሰው ሁሉ እየጠበቀው ነበር። ማሚቴ እንኳ፣ እንዲህ ያለውን ብዙ ያየችው፣ ቢዘግንላት ደስ ባላት። ዒምራን የሚያምነው ሰው ነበርና።

«አልችልም» አለ በመጨረሻ።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አሉ ሸህ ታሂር።

«እስከ አርብ ድረስ ጊዜ ሰጠኝ» አለ ፍቅሩ ማንንም ሳያይ። «ራስህ ሄደህ ተናገር፤ አብሬህ እቆማለሁ፤ ሴትዮዋንም አብረን ይቅርታ እንጠይቃለን አለኝ። እንዲተወው ብለምነው እምቢ አለ። ሐሙስም አልደወለልኝም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ካርዱን ኪሱ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ወርጄ።»

ዓሊማ ንፍሮውን እንደያዘች ቆማለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰላቱን ጨርሶ ነበር?»

«ጨርሷል።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሰላቱ የሚዘጋበትን ሰላምታ ሲሰጥ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ገደሉ በኩል አዞረ። ከዚያ ወደ እኔ። ዓይኔን እያየ ነው "አሰላሙ ዓለይኩም" ያለኝ። ሲነሳ… ያን ጊዜ ነው።»

ሁለት ፖሊሶች ገብተው አስነሱት። በተቀመጠው ሰው መሐል ሲያልፍ መንገድ ለመልቀቅ እንኳ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። አርብ ቀብር ያልወጡት ከድንኳኑ ጥግ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ሰምተዋል፣ ሸህ ታሂር» አለች ዓሊማ። «ባሌ ሰላቱን ጨርሶ፣ ገዳዩን ሰላም ብሎ ነው የሄደው።»

ሸህ ታሂር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። «አፉ በይን፣ ይቅር በይን፣ ልጄ። እኛም ገፍተነዋል።»

«እናንተን አፉ ብያለሁ» አለች። «እሱን ግን አልልም። ባሌን ከገደለ በኋላ ሦስት ቀን እንባዬን በነጠላው ሲጠርግልኝ ነበር።»

ወደ ሴቶቹ ተመልሳ ተቀመጠች። ሸህ ታሂር ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ዘረጋ።