ከግሩፑ የተባረረው አናጺ

ሬሳውን ያገኘው ዓሣ አጥማጁ ኩማ ነው። ማክሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በሐዋሳ ሐይቅ በቡሹሎ በኩል መረቡን ሊያነሳ ሲቀዝፍ ደንገሉ ውስጥ ሰማያዊ ሹራብ አየ። ቀረብ ቢል የፊዚክስ መምህሩ ምንያህል ነው፤ በደረቱ ተደፍቷል። ከእሱ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ በገዛ እጁ የሠራት ጀልባ ውኃ ሞልቷት ጠርዟ ብቻ ብቅ ብሏል።

አደጋ ነው ተብሎ በዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን እኩለ ቀን ላይ ጡረተኛው የእንጨት ሥራ አስተማሪ አቶ ዮፍታሄ በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ መጥተው፣ «ምንያህልን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሰሩኝ» አሉ። ጉድ እኮ ነው!

ኢንስፔክተር ታቢታ በሥራዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። ሽማግሌው ከታሰሩ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ዳኛው ፊትም ይህንኑ ቃል እንደሚደግሙ ምለዋል። ከዚያ በኋላ ማን ያወጣቸዋል?

«እንዴት ነው የገደሉት?» አለቻቸው ረቡዕ ጠዋት።

«በእጄ ሥራ። የወለሉን መጋጠሚያ የጠገንኩለት እኔ ነኝ። ጀልባዋ ከሰጠመች ጥገናዬ አልያዘም ማለት ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ? ጻፊውና ተገላገዪ።»

«ጠግነው እንደሆነ ለምን ሰው አላወቀም?»

«ማን ሊያውቅልኝ? እኔ እኮ ባለጌ ነኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ጀልባ በእጃችን» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ሦስት መቶ የሚሆኑ የሐዋሳ ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው የሠሩትን ትንንሽ ጀልባ ፎቶ እያነሱ የሚለጥፉበት። አድሚኑ ኤልናታን ይባላል፤ ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚያከራይ፣ ለመጪው እሁድ ስድስት አዳዲስ ጀልባ ያዘጋጀ፣ «ውዶቼ» ሳይል ዓረፍተ ነገር የማይጀምር ሰው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ጀልባህ እንደ ገንዳ ቢንጋደድ እንኳ «እጅህ ይባረክ» ነው የምትባለው። የአቶ ዮፍታሄ አፍ ግን ሬት ነው። ምንያህል የጀልባውን ፎቶ የለጠፈ ዕለት እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ይሄ ጀልባ አይደለም፤ የሬሳ ሣጥን ነው። የወለሉ መጋጠሚያ በሙጫ ብቻ ነው የተያዘው። ማዕበል ሲመታው ይከፈትና ትሞታለህ። አንድ ቡሎን እንኳ የለውም! ምን ስትሠራ ከረምክ?»

ግሩፑ ተንጫጫ። ምቀኛ አሏቸው፤ አረመኔ አሏቸው። ኤልናታን መልእክቱን ሰረዘ፣ ሽማግሌውን አባረረ፣ ምንያህልን «አይዞህ ውዴ፣ ጀልባህ ታምራለች» ብሎ አጽናና። ከሦስት ሳምንት በፊት መሆኑ ነው። ምንያህል ሲሞት እንግዲህ፣ የግሩፑ ሰው ጣቱን ወዴት እንደቀሰረ መናገር አያስፈልግም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ታቢታ ወደ ጣቢያው ግቢ ወጣች። ጀልባዋ ተገልብጣ ተቀምጣለች። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ከውኃው ጎትተው ሲገለብጧት እሷም ነበረች፤ ከኋላ መቀመጫው ሥር ሁለት እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ያኔ ነው የታየው። አሁን ተንበርክካ ዳሰሰችው። የእንጨቱ ስንጥር ሁሉ ወደ ውስጥ አጋድሏል። የተገኘችበት ቦታ ጭቃና ደንገል እንጂ ድንጋይ አልነበረበትም። ሐኪሙም ከሟቹ ጆሮ ኋላ ከባድ ምት አግኝቷል፤ «ጀልባው መትቶት ሊሆን ይችላል» ብሎ ነበር። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል ታቢታን ሁልጊዜ ያናድዳታል።

ኩማን አሞራ ገደል ዓሣ ሲሸጥ አገኘችው።

«ጋሽ ኩማ፣ ጀልባዋን ታውቃት ነበር?»

«በደንብ! ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችን ተቀምጠን ሞክረናታል። ምንያህል፣ ጋሽ ዮፍታሄ፣ እኔ። እንድትሰጥም ብዬ ወለሏ ላይ ዘለልኩባት። ጠብታ አልገባም።»

«ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ። ስንት ሰዓት ነው ጀልባዋ ሥር ያለውን ቀዳዳ ያየኸው?»

«ምን ቀዳዳ? እኔ ያየሁት ጠርዟን ነው። ሆዷ ውኃ ውስጥ አልነበር?» አለና ቢላዋውን አስቀመጠ። «ሽማግሌውን ልቀቋቸው፣ እመቤቴ። ክፉ ተናጋሪ ናቸው፣ ክፉ ሰው ግን አይደሉም። እኔ ያላየሁት የለም፤ አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ የሆነ ነው ሰው የሚጨርሰው።»

የሟቹ ሚስት ማርያማዊት ጥቁር ለብሳ በለቀስተኞች መሐል ተቀምጣለች። ታቢታን ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«ያን ዕለት ስድቡን አንብቦ እንቅልፍ አልወሰደውም» አለች። «‹ሦስት መቶ ሰው ፊት አዋረደኝ› እያለ ሲገላበጥ አደረ። ሲነጋ ግን ምን አደረገ መሰለሽ? ጀልባዋ ውስጥ በባልዲ ውኃ ሞላባት። ውኃው በመጋጠሚያው ተንጠፍጥፎ ወጣ። ብርቱካን ገዝቶ ጋሼ ዮፍታሄ ቤት ሄደ፤ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ግቢ አብረው ሲጠግኗት ሰነበቱ። መብራቱን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ።»

«ለምን ግሩፑ ላይ አልተናገረም?»

«ኤልናታን ይቀየማል ብሎ ነዋ! ያጽናናው እሱ፣ ያባረረውም እሱ።» እንባዋ ገነፈለ። «ባሌ ሰው ማስቀየም አይችልም፣ እህቴ። አንድ መልእክት ለመጻፍ እንኳ መጀመሪያ በእርሳስ ይሞክራል።»

የሚሞክርበትን ደብተር አመጣችላት። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ተሰርዟል፦ «ጀልባዎችህ ይገለበጣሉ። በሚቀጥለው እሁድ ሰው እንዳትጭንባቸው።» ከሥሩ በጥሩ ጽሕፈት፦ «ውድ ወንድሜ፣ ካላስቀየምኩህ በግል አንድ ሐሳብ ላቅርብልህ። ለማንም አልተናገርኩም…» ይላል። ለማን እንደሆነ ስም የለውም። ታቢታ ሁለቱን መስመሮች ደጋግማ አነበበቻቸው።

ኤልናታንን ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ አገኘችው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ማኪያቶ አዘዘላት።

«አቶ ዮፍታሄን እጠላቸዋለሁ እንዳይመስልዎት፣ ኢንስፔክተር። አባት ናቸው። ግን ቃል ይገድላል።»

«ጀልባዋን አይተዋት ያውቃሉ?»

«በፎቶ ብቻ። ምስኪን፣ ባለቀለም ነገር ነበረች።»

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ተኝቼ። መርዶውን ስሰማ ይህንን ጻፍኩ» ብሎ ስልኩን ዘረጋላት። ግሩፑ አናት ላይ ለሁሉም እንዲታይ የተሰቀለ የሐዘን መግለጫ ነው፤ ሰዓቱ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ከሃያ። «ውዶቼ፣ ከኋላ መቀመጫው ሥር መጋጠሚያው ተከፍቶ ወንድማችንን ነጠቀን። ከእንግዲህ በፍቅር እንነጋገር» ይላል።

ታቢታ ማኪያቶውን ሳትነካው ተነሳች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ጣቢያው ግቢ ጀልባዋን ከበው ቆሙ። ማርያማዊት፣ ኩማ፣ ኤልናታን። አቶ ዮፍታሄን ከእስር ክፍል አወጧቸው። ጀልባዋን ሲያዩ ቆሙ፤ ኩማ ክንዳቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይምጡና ሥራዎን ይዩ» አለች ታቢታ።

«አልችልም።»

«ግድ የለም፣ ይዩት። መጋጠሚያው የቱ ጋ ነው የተከፈተው?»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ጣታቸው በመጋጠሚያው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

«አልተከፈተም» አሉ ቀስ ብለው። «ቡሎኑም ላሜራውም እንዳለ ነው። የተሰበረው… አጠገቡ ያለው ጣውላ ነው!»

«አዎ። የተሰበረውም ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ስንጥሩን ይዩት። ውኃ ሲገፋ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል፣ ደካማውን ትቶ ጠንካራውን አይሰብርም። ይህንን የሰበረ ሰው መጋጠሚያውን በብረት ሊፈለቅቅ ሞክሯል። በሙጫ ብቻ የተያዘ መስሎታል። እምቢ ሲለው አጠገቡ ያለውን ቀጠቀጠ።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ጥገናው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ በቀለም ተሸፍኗል። ማርያማዊት መብራት ይዛለች፣ ታውቃለች። ኩማ ዘሎበታል፣ ያውቃል። ጋሼ ሠርተውታል። ጥገናውን የማያውቅ፣ የሚያውቀው ያንን የተሰረዘ ስድብ ብቻ የሆነ አንድ ሰው ነው። ምንያህል በስድቡ ተቀይሞ መጋጠሚያውን ሳይጠግን የተወው መስሎታል። እሱ ራሱ ቢሰደብ ይተወው ነበራ!»

«ውዶቼ፣ ተረጋጉ» አለ ኤልናታን። «ግሩፑ ላይ ሦስት መቶ ሰው አለ።»

«አለ። ከኋላ መቀመጫው ሥር ብሎ የጻፈው ግን አንተ ነህ።» አንቱታው እዚህ ላይ አበቃ። «የጋሼ ስድብ የኋላ መቀመጫ የሚል ቃል የለበትም። ሁለት ከሃያ ላይ የጀልባዋ ሆድ ውኃ ውስጥ ነበር። ኩማም እኔም አላየነውም። የገለበጥናት አራት ሰዓት ነው። አንተ በምን አየኸው?»

ታቢታ ደብተሩን ገለጠች።

«ሟቹ ለአንድ ሰው ‹ጀልባዎችህ ይገለበጣሉ› ብሎ ሊጽፍ ነበር። ከእናንተ መሐል ከአንድ በላይ ጀልባ ያለው ማነው? እሁድ ቤተሰብ ልትጭንባቸው ያዘጋጀሃቸው ስድስት አዳዲስ ጀልባዎች ናቸው። በትሕትና፣ በግል ጻፈልህ። መልእክቱ ከሟቹ ስልክ ላይ ጠፍቷል፤ ከሁለቱም ወገን ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ ‹ማለዳ ውኃ ላይ እንነጋገር› ብለህ ሳትጠራው አልቀረህም፤ ሐኪሙ ከጆሮው ኋላ ያገኘው ምትም የመቅዘፊያህ ነው።»

«አፍሽን ዝጊ!» ኤልናታን ጮኸ። ያ ሁሉ «ውዴ» የት እንደገባ እንጃ። «ልገድለው አልሄድኩም! ተወው ብዬ ለመንኩት። ‹እስከ እሁድ ካላስተካከልክ ለሰው እናገራለሁ› አለኝ፤ እሱም እየተሽቆጠቆጠ! ስንት ሰው ያውቃል ስለው ‹እኔና አንተ ብቻ፤ ስምህ እንዳይነሳ ብዬ ነው› አለኝ። ግሩፑ ላይ እንደዚህ ሽማግሌ ሰድቦኝ ቢሆን ምን አደርገው ነበር? ሰው ሁሉ ካወቀ በኋላ ምን አደርገው ነበር?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ገቡ። ማርያማዊት አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። ታቢታ ግን ደስ እንኳ አላት።

«ጋሼ፣ ነፃ ነዎት» አለች። «ምንያህል ሰምቶዎታል። ጥገናዎም ይዟል። በአፍዎም በእጅዎም አልገደሉትም።»

አቶ ዮፍታሄ አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸው ኤልናታን የገባበት በር ላይ ነው።

«‹ጀልባዎችህ ይገለበጣሉ› ብሎ የጻፈውን አሳይቶኝ ነበር» አሉ። «ግሩፑ ላይ ሊለጥፈው። ቅዳሜ ማታ ነው። እኔ ነኝ ያሰረዝኩት። እንደ እኔ አትሁን፣ ሰው ፊት አታዋርደው፣ በግል በለሆሳስ ንገረው አልኩት። ስሙን ጠብቅለት አልኩት።»

ታቢታ ደብተሩን ከደነችው።

«ምነው ጋሼ!» አለች ማርያማዊት። «ምነው ያን ቀን እንኳ እንደ ልማድዎ በሆኑ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ተው፣ ተው ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ልጄ» አሉ። «አንድ ቀን ተውኩ።»