የዝናቡ ዘንዶ አንድ ዓይን

እየሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናዘዘችው አንድ ስሕተት ነበረባት። ወላጆቿ በተሰደዱበት ከተማ፣ ካርልተን በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንጻዎች በአንዱ፣ ዐሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ስታድግ፣ የቻይናውያን ጎረቤቶቻቸው ደጃፍ ላይ ቀይና ወርቃማ ዘንዶ ተለጥፎ ታይ ነበር። በእናቷ ግድግዳ ላይ ደግሞ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ሥር የሚንፈራገጥ ሌላ ዘንዶ ነበር። ልጅቱ ሁለቱን አንድ አውሬ አደረገቻቸው፤ ከእናቷ ግድግዳ ተወግቶ ያመለጠው ጎረቤት ቤት ተሸሽጓል ብላ አመነች። የጎረቤታቸው ልጅ ሦስት ጊዜ ለልደቷ ጠራቻት፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀረች። የምሥራቁ ዘንዶ የደመናና የወንዝ ጌታ፣ ዝናብ አምጪ፣ ለበረከት ተብሎ በደጅ የሚለጠፍ መሆኑን የተረዳችው ጎረቤቶቹ ቤት ለቀው ከሄዱ በኋላ ነው።

ይህን ያስታወሳት ኬንሲንግተን በሚገኝ አንድ የሰፈር አዳራሽ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ አስከሬን ነበር።

እየሩ ድንገተኛ ሞትን ለሚመረምር ፍርድ ቤት በመርማሪነት ትሠራለች። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ ሐዘን ለእሷ በመርፌ እንደ ደነዘዘ ጥርስ ሆኗል፤ መኖሩን ታውቃለች፣ አይሰማትም። ያን ማክሰኞም ጨርቁን ገልጣ አየች፣ መልሳ ሸፈነች።

ሟቹ ሠዓሊ ጌታቸው ነው። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነበር፤ በሱዳን በኩል ተሰድዶ የመጣ፣ ዕድሜውን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የጨረሰ። የሰፈሩ ሰዎች በአዳራሹ ሰፊ ግድግዳ ላይ የሁለት ዓለም ዘንዶዎችን እንዲስል ጠይቀውት ወር ሆኖታል። በስተግራ ቅዱስ ጊዮርጊስ ክንፋሙን፣ እሳት ተፊውን አውሬ ይወጋል፤ አውሮፓም ይህንኑ ዘንዶ ያውቀዋል፣ ዋሻው ውስጥ ወርቅ ላይ አስተኝቶ ገዳዩን ጀግና ያስጠብቀዋል። በስተቀኝ የምሥራቁ ዘንዶ ክንፍ ሳይኖረው በደመና ላይ ይጠማዘዛል። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በተዘረጋው የብረት መወጣጫ ላይ ሆኖ ሲሠራ የነበረው ሠዓሊ ከመካከሉ ወድቆ አንገቱ ተሰብሯል።

ጫማዎቹ በመወጣጫው ግርጌ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ ኋላ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከጎናቸው በንጹሕ ፎጣ ላይ ዳዊቱ ተዘርግቷል።

«የተሰናበተ ሰው ይመስላል» አለ በሩን የሚጠብቀው ወጣት ፖሊስ ጫማዎቹን እያየ። «ተደላድሎ፣ ጸልዮ፣ ራሱን የጣለ።»

የሟቹ ሚስት እትዬ ዓለምጸሐይ ይህን ሰምተዋል። በአዳራሹ ደጃፍ የእየሩን ክንድ ያዙ።

«ልጄ፣ ራሱን ጣለ ብላችሁ ከጻፋችሁ ፍትሐት የለውም። ቄሱን ጠየቅኋቸው፤ ‹ወረቀቱ ምን እንደሚል እንይ› ነው ያሉኝ። ሃምሳ ዓመት ቅዱሳንን የሳለ ሰው ሳይፈታ ይቀበር?»

«እትዬ፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያውስ ደኅና አድርገሽ እዪ።»

እየሩ አየች። የምሥራቁ ዘንዶ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሯል። ከሁለቱ የዓይን ቦታዎች አንዱ ተስሏል፤ ሁለተኛው ባዶ ነጭ ነው። በአስከሬኑ አጠገብ ጥቁር ቀለም የደረቀበት ብሩሽ ወድቋል። የሠዓሊው ጣቶች ላይ ግን ያለው ቢጫ ብቻ ነበር።

አዳራሹ አንድ መግቢያ አለው፤ በሩን የሚያይ ካሜራም አለ። በዚያ ቀን ከሠዓሊው ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ገብተዋል። ሰባት ተኩል ላይ እሑድ እሑድ በአዳራሹ የሚያመልከው የጴንጤዎች ጉባኤ መሪ ፓስተር ጳውሎስ ገብቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወጣ። ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ወንድሙ የሚባል የሟቹ የቀድሞ ተማሪ ገባ፤ ዘጠኝ ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ወጣ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥር ላይ ለበዓል ሰልፍ የጨርቅ ዘንዶ የሚሠራው ሚስተር ሊያንግ ገባ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ለአምቡላንስ ደወለ። አስከሬኑ በዚያን ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር።

በማግሥቱ እየሩ ፓስተሩን በቢሮው አገኘችው።

«ከጋሽ ጌታቸው ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«እህት እየሩ፣ ጠብ አይባልም። ጉባኤው እጁን ዘርግቶ ሲዘምር የራእዩ ዘንዶ እንዲያፈጥበት አልፈልግም አልኩ። ይኸው ነው።»

«የልጅዎ ቦርሳ ላይ አረንጓዴ ዘንዶ አየሁ። እንዲያውም ይስቃል።»

ፓስተሩ ሳያስበው ፈገግ አለ። «እሱ ከካርቱን ነው። እሳቱን የሚተፋው ብስኩት ለመጋገር ነው አሉ። እናቱ ናት የገዛችለት፤ እኔን አትጠይቂኝ።»

«ጋሽ ጌታቸው ምን መለሱልዎት?»

«የዘንዶውን ቅርፊት እየሳሉ ነበር። መወጣጫው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ‹ፓስተር፣ ያንተ ዘንዶ በስተግራ ያለው ነው፤ እሱን እንደ ልብህ እርገመው። ይኼኛው ዝናብ ይዞ የመጣ እንግዳ ነው› አሉኝ። ጫማቸው ግንባሬን ሊመታኝ ምንም አልቀረውም።»

«ቆሻሻ ጫማ?»

«ቀለም በቀለም። ሸሚዜን አበላሽቶታል፤ ከፈለግሽ ላሳይሽ።»

ሚስተር ሊያንግ በቀርከሃ ስንጥርና በሐር ቁርጥራጭ መካከል ተቀምጦ ተቀበላት። እጁ ሥራ አልፈታም።

«መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነው» አለ። «ተናደድኩ። ቃሉን አፈረሰ አልኩ። ወደ ታች ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በሞተ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ዓይን መናደዴን ለማንም አልተናገርኩም።»

«የምን ቃል?»

«በኛ ልማድ ዘንዶ ዓይኑ እስኪከፈት ወረቀትና ጨርቅ ነው። ቅዳሜ በምርቃቱ ላይ የዘጠና አንድ ዓመት አክስቴ መጥታ ሁለቱንም በቀይ ቀለም ልትከፍት ነበር። ጌታቸው ‹ፊቱን እኔ እሠራለሁ፣ ዓይኑን ለእናታችን እተዋለሁ› አለኝ። ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለሁሉም ድንገተኛ ይሁንላቸው ብለን ነው።»

«እርስዎ የሚሠሩት የዘንዶ ዓይን ምን ይመስላል?»

ሽማግሌው ከመደርደሪያ ላይ አንድ ራስ አወረደ። ዓይኖቹ እንደ እንቁላል ክብና ፈጥጠው የወጡ ነበሩ።

ወንድሙ ሃምሳ ዓመት የሞላው የከተማ ባቡር፣ የትራም ሹፌር ነው። ለሃያ ዓመት በትርፍ ጊዜው ከሟቹ ሥዕል ተምሯል። እየሩን የተቀበላት የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ ነበር።

«የኔታ ደኅና ነበሩ፣ እህቴ። ሺፍቴ ዐሥር ሰዓት ስለነበር ቶሎ ወጣሁ። ይኸውልሽ።» ስልኩን አቀበላት። «ስምንት ከሩብ ላይ አንስቼ ለእትዬ ዓለምጸሐይ የላክሁላቸው ነው። ዘንዶው ዕውር ነው። ዓይኑን የሳሉት እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው።»

«ስለዚህ እርስዎ ሲወጡ ጋሽ ጌታቸው በሕይወት ነበሩ።»

«ታዲያስ።»

ፎቶግራፉ ላይ ሁለቱም የዓይን ቦታዎች ነጭ ናቸው። በግራው ጠርዝ፣ ከቅዱሱ ራስ ሥር፣ የሠዓሊው ጀርባና ባዶ ተረከዞቹ ይታያሉ። እየሩ ተረከዞቹን አጉልታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ስልኩን መለሰች፤ አመሰገነች።

ሐሙስ ቀትር ላይ አራቱን በአዳራሹ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ዓለምጸሐይ ከፊት ተቀመጡ። ፓስተሩና ሚስተር ሊያንግ ጎን ለጎን ሆኑ። ወንድሙ ወደ በሩ ቀረብ ብሎ ቆመ፤ ከደጅ አንድ ፖሊስ ነበር። እየሩ የምትናገረውን ለሚስተር ሊያንግ በእንግሊዝኛ እየደገመች ቀጠለች።

«እትዬ፣ ጋሽ ጌታቸው ጫማቸውን የሚያወልቁት መቼ ነበር?»

«ቅዱስ ሲስል ነዋ። በቅዱስ ፊት ጫማ አይደረግም ይላል። ዳዊቱንም ያኔ ነው የሚዘረጋው።»

«ሌላውን ሲስሉስ?»

«ኧረ ሪህ አለበት! ብረቱ ይበርደዋል። ከቅዱሱ ዘወር ካለ ወርዶ ጫማውን ያደርጋል።»

«ፓስተሩም የነገሩኝ ይህንኑ ያጸናል» አለች እየሩ። «ቅርፊት ሲስሉ ተጫምተው ነበር። ስምንት ከሩብ ላይ ግን በፎቶው እንደሚታየው ከቅዱሱ ሥር በባዶ እግራቸው ናቸው። ሲወድቁም ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ጣታቸው ላይ ያለው ቢጫ የቅዱሱ የብርሃን አክሊል ቀለም ነው፤ ጥቁር የለበትም። ወደ ዘንዶው ቢሻገሩ ኖሮ በተጫሙ ነበር። እንግዲህ ጫማው የስንብት ምልክት አይደለም፤ የሥራ ልማድ ነው።»

እትዬ ዓለምጸሐይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዓይኑንስ ማን ሳለው?» አለ ፓስተሩ።

«ጋሽ ጌታቸው አይደሉም፤ ሁለቱንም ዓይኖች ለእኚህ ሰው አክስት ትተዋቸዋል» አለች ወደ ሚስተር ሊያንግ እየጠቆመች። «ሁላችንም አንዱን ስለው ሁለተኛውን ሳይጀምሩ ወደቁ ብለን አሰብን። ዓይኑን ልብ ብላችሁ እዩት። ረዘም ያለ ነው፤ ብሌኑ ከላይኛው ቆብ ተንጠልጥሏል፤ ዙሪያው በጥቁር መስመር ተከብቧል። ይህ የእኛ ቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። ሚስተር ሊያንግ እንዲህ አይሠሩም፤ ፓስተሩ ከፎቶው በፊት ወጥተዋል። ከፎቶው በኋላ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት በአዳራሹ የነበረ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ዓይኑ ከእሱ መውጣት በኋላ ተሳለ ከተባለ የሚጠቀመውም እሱ ነው።»

ማንም ወደ በሩ አልዞረም። መዞር አላስፈለገም።

«ጋሽ ወንድሙ፣ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሁለቱንም ቢስሉት የበለጠ ይታመን ነበር። ለምን አንድ?»

ወንድሙ ሲናገር ድምፁ ጣቢያ እንደሚጠራ ሰው ወጥ ነበር።

«ክፉን በሁለት ዓይን አትሣል ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይሁዳ ፊቱ በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ፤ ዲያብሎስም እንዲሁ። ያን ቀን ሽቅብ ሳይ ዘንዶው ሙሉ ፊት አለው። ‹የኔታ፣ ይህ ምንድን ነው?› አልኳቸው። ‹እሱ ክፉ አይደለም፤ ስንፈራው የኖርነው ሳናውቀው ነው› አሉኝ። መወጣጫው ላይ ወጣሁ። ብሩሹን ከእጃቸው ሳብኩ። ነጠቅሁ... ወደቁ። ወርጄ ስደርስ እስትንፋስ አልነበራቸውም። ብሩሹን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ ተመልሼ ወጥቼ አንዱን ዓይን ሳልሁ። ሁለተኛው ላይ እጄን ዘረጋሁ፤ አልታዘዘልኝም።»

«ራሱን ገደለ ሲሉ ሰምተህ ዝም አልክ?» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ። አልጮኹም። «ማክሰኞ ማታ ቤቴ ተቀምጠህ አላስተዛዘንከኝም?»

«ወደቁ እንዲባል ነበር የፈለግሁት፣ እትዬ። ጫማቸውን አላየሁትም። ራሳቸውን ጣሉ ሲባል... ልናገር ነበር። ቀን በቀን ልናገር ነበር።»

«ጌታቸው ለቅዳሜው ምርቃት ነበር የቸኮለው። አንተ ግን ለመናገር ጊዜ ነበረህ።»

ሚስተር ሊያንግ ትርጉሙን ሰምቶ ሲጨርስ ተነሥቶ በእትዬ ዓለምጸሐይ ፊት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ፖሊሱ ገባ፤ ወንድሙም ኮፍያውን አውልቆ ያለ ካቴና አብሮት ወጣ።

እየሩ ሐዘኑ እንዲሰማት ትንሽ ቆመች። አልተሰማትም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሪፖርቷን ጻፈች፦ ሟቹ ራሱን አልጣለም፤ በሌላ ሰው እጅ ከከፍታ ወድቆ ሞቷል። ፍርድ ቤቱ ዓርብ ጧት አስከሬኑን ለቀቀ፤ ቄሱም ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ቅዳሜ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ለሠዓሊ ጌታቸው ፍትሐት ተደረገለት፤ ተቀበረም።