አሥራ አራተኛዋ ባርኔጣ

መጀመሪያ የተናገረችኝ ቃል «ትፋው!» የሚል ነው።

አስጎብኚ ሆኜ የተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። በወይን እርሻው ምድር ቤት፣ በበርሜሎች መሃል ቆሜ የቀመስኩትን ወይን ጠጅ ልውጥ ስል አንዲት ሴት የብረት ባልዲ አገጬ ሥር ደቀነችብኝ።

«ትፋው አልኩህ! እንግዳ ይውጣል፤ አስጎብኚ ይተፋል። ካንተ በፊት የነበረው ሲውጥ ሲውጥ መኪናችሁን ከዛፍ ጋር አስተዋውቆ ነው የተባረረው።»

«እኔ አልነዳም እኮ።»

«እሱም አይነዳም ነበር።»

ወይኑን ተፋሁት። ቀና ስል ዓይኖቿን አየሁ... እነሱን ግን አንዴ ውጫቸው ነበር።

ድርጅታችን የቀን ጉዞ ያዘጋጃል። ጠዋት ከከተማ መነሳት፣ ቀትር ላይ እርሻው ውስጥ ምሳና ቅምሻ፣ ከዚያ ጥንታዊው ፍርስራሽ። ፍርስራሹ መጨረሻ ላይ የሆነው በምክንያት ነው። ሰው ወይን ጠጅ ከቀመሰ በኋላ ለድንጋይ አዘኔታ ያድርበታል። ሳይቀምስ ያየው ግን «ይኼን ለማየት ነው እንዴ?» ይላል።

የፍርስራሹን ታሪክ የተማርኩት በሩ ላይ ከሚታደሉ በራሪ ወረቀቶች ስለሆነ ሹፌራችን ጋሼ «ፕሮፌሰር» ነበር የሚሉኝ። ለያንዳንዱ እንግዳ ነጭ ባርኔጣ እንሰጣለን። ከመነሳታችን በፊት እኔ ከፊት ቆሜ ባርኔጣ እቆጥራለሁ። ፊት አላይም። ፊት ካየሁ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

እሷ ቀማሿ ነበረች። የቱ በርሜል ከየቱ እንደሚቀላቀል የምትወስነው እሷ ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ አፏ ውስጥ አንከባላ፣ ተፍታ፣ «ይሄ ገና ተናዷል፤ ሁለት ወር ተዉት» ትላለች። ሁለት ወር ይተዉታል። እርሻው የታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ በርሜሎቹን አይነካም። ሰው ነው የሚነካው።

አንድ ቅዳሜ እንግዶቼ ጥላ ሥር ምሳ እየበሉ፣ ከመጋዘኑ በኩል ድፍ... ድፍ... የሚል ድምፅ መጣ። ወንድሟ በርሜል የጣለ ሠራተኛ በጫማው እየረገጠ ነበር። ሰውየው መጮህ እንኳን ትቶ ነበር።

«ወይን እየረገጡ ነው?» አለኝ አንድ እንግዳ፣ ሹካውን ይዞ።

«አዎ» አልኩት። «በባህላዊው ዘዴ።»

እንግዳው ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። አይቻልም አልኩ። ያን ቀን የሠራሁት ጀግንነት ይኼው ነው።

በሰባተኛው ቅዳሜ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ አገኘኋት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በር ነው።»

«ምን ዓይነት በር ነው ሦስት ጣት መርጦ የሚሰብር?»

በአንድ እጇ ባልዲውን ስታጥብ ቆየችና ቀና ሳትል ተናገረች።

«ወንድም ጋሼ ነው። ከከተማው ፋብሪካ የሥራ ደብዳቤ መጣልኝ። ቀማሽ አድርገው ሊቀጥሩኝ። እፊቴ ቀደደው። ጎንበስ ብዬ ቁርጥራጩን ስለቅም... እጄ ላይ ቆመ። ከዚያ ተረከዙን አዞረው።»

«ለምን?»

«ለምን ይመስልሃል? ‹አንቺ የትም ሂጂ፤ ምላስሽ ግን የቤቱ ነው› ይለኛል። ምላሴን እዚህ ትቼ እንዴት ብዬ ነው የምሄደው?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«አውጣኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ተቀየረ። «በመኪናችሁ አውጣኝ። እዚህ በር ላይ ዘበኛ አለ፤ ብቻዬን አያሳልፈኝም። ከከተማ በኋላ ያለውን እኔ አውቅበታለሁ።»

እኔም «እናያለን» አልኳት። እናያለን የሚለው ምንም ማየት ያልፈለገ ሰው ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም። ለእንግዶቹ ቀዳች፣ ባልዲውን አዞረች፣ ጠፋች። ተቀይማኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። መነሻ ሰዓት ሲደርስ አንገቴን እንደደፋሁ ባርኔጣ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት።

«ሙሉ ነን! ጋሼ፣ ይንዱት!»

ዘበኛው በሩን ከፈተ። ወጣን።

ፍርስራሹ የጥንት ሰዎች የትርኢት ሜዳ ነው። መሃሉ ክብ አፈር፣ ዙሪያውን የድንጋይ ደረጃ። እንግዶቹን ደረጃው ላይ አስቀምጬ መሃል ቆምኩና ጀመርኩ።

«ክቡራንና ክቡራት! እዚህ መሬት ላይ ሰው ከሰው ጋር እስከ ሞት ይታገል ነበር። ሕዝቡም እናንተ የተቀመጣችሁበት ላይ ሆኖ...»

አንዷ እንግዳ ተነስታ ወደኔ መጣች። ባርኔጣዋን ከፍ አደረገች። ፋሻውን አየሁ። ከዚያ ፊቷን።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ም... ምኑን?»

«ልክ እኔ ጋ ስትደርስ ‹ሙሉ ነን› አልክ። አይተኸኝ ዝም አልክ! እኔኮ ‹እናያለን› ስትለኝ ፈሪ ነው ብዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስሰድብህ ነው የከረምኩት። ይቅር በለኝ።»

«አላየሁሽም» የሚለው ቃል ጥርሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን እንዲህ አድርጋ ያየችኝ ሴት በዕድሜዬ አልነበረችም። ቃሉ እዚያው ቀረ።

«ቆይ... ባርኔጣው የማን ነው?»

«ከእንግዶችህ የአንዲቷ፤ ‹ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ› ያሉኝ። ምድር ቤቱ ቀዝቀዝ ሲላቸው አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ምን ላድርግ፣ አልቀሰቀስኳቸውም...»

መልስ ሳልሰጣት ፒክአፕ አቧራውን አቦነነው። በአንዱ በር ወንድሟ ወረደ፤ በእጁ የወይን ሐረግ የሚደገፍበት ክንድ የሚያህል እንጨት ይዟል። በሌላው በር ነርሷ ወረዱ፤ ተናደዋል።

«ባርኔጣዬን የወሰደው ማነው?!»

ወንድሟ ግን ስለ ባርኔጣ አልመጣም።

«እህቴን የጠለፍከው አንተ ነህ?»

«ጌታዬ፣ በሰላም እንነጋ...»

የመጀመሪያው ምት ቅንድቤ ላይ አረፈ። ከደረጃው በኩል ጭብጨባ ተሰማ። እውነቴን ነው፣ እንግዶቼ አጨበጨቡ! ትርኢቱ የጉዞው አካል መስሏቸዋል። አንዱማ «ቲኬቱ ላይ አልተጻፈም ነበር» ሲል ሰምቻለሁ፣ በደስታ።

ሁለተኛው ጎኔን አገኘኝ። ውስጤ እንደ ደረቅ ጭራሮ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ወደቅሁ። ጋሼ የጎማ መፍቻ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ በክርኑ ብቻ አፋቸውን ብሎ ዘረራቸው። አሁን ጭብጨባው ቀዘቀዘ። የጋሼ ደም ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ሲወርድ ሰው ትርኢት አለመሆኑ ገባው። ግን አንድም ሰው ከደረጃው አልወረደም።

ወንድሟ ደረቴ ላይ ጉልበቱን ጫነ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነው።

«አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቅህ። አንተ ነህ የወሰድካት ወይስ እሷ ናት የኮበለለችው? እሷ ከሆነች እለቅሃለሁ። ከእሷ ጋር ቤት ገብተን እንነጋገራለን።»

የእሱ ንግግር ምን እንደሚመስል ፋሻው ላይ አይቻለሁ። እውነቱን ብናገር ተነስቼ አቧራዬን አራግፌ፣ ንግግሬን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። እውነቱም ለአንዴ ከእኔ ጋር ነበር። አላየሁም፤ አላወቅሁም፤ አልወሰድኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ የወሰድኳት። ወድጄ ነው። እንደገናም እወስዳታለሁ!»

እንጨቱን ጥሎ በቡጢ ጀመረ። በቡጢ ሲሆን ይበልጥ ይደላዋል መሰለኝ። አፍንጫዬ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። አንድ ዓይኔ ተደፈነ። በበራሪ ወረቀት የተማርኩት ትግል ስለሌለ አውራ ጣቱን አፌ ውስጥ ሳገኘው ነከስኩት፤ አጥንት እስኪነካኝ። ጮኸ። በሌላው እጁ አንገቴን ያዘ። ሰማዩ መጥቆር ጀመረ...

ያኔ ጠርሙስ ድንጋይ ላይ ሲፈነዳ ተሰማ።

«ወንድም ጋሼ!»

እጁ ላላ። ዞርን፣ ሁለታችንም።

ከእንግዶቹ የአንዱን ጠርሙስ ነጥቃ ደረጃው ላይ ሰብራዋለች። ቀይ ወይን በክንዷ ይወርዳል። ምላሷን አውጥታ፣ የተሰበረውን ጠርሙስ ጫፍ ምላሷ ላይ አድርጋለች። ምላሷን መልሳ ተናገረች።

«የምትፈልገው ይሄን አይደል? ቆርጬ ልስጥህ። ይዘኸው ግባ! እኔ እቀራለሁ።»

«አንቺ... አበድሽ? አስቀምጪው!»

«አንድ እርምጃ ብትቀርብ እቆርጠዋለሁ። በአባባ አጥንት!»

አንድ እርምጃ ቀረበ። ጠርሙሱን መልሳ ጫነችው። ደም መጣ። ከወይኑ የተለየ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። አገጯ ላይ ደረሰ። ነርሷ «ልጄ... ተይ ልጄ...» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ለእኔ የተነሳ ሰው አልነበረም፤ ለእሷ ግን እንግዶቹ አንድ በአንድ ከድንጋዩ ላይ ተነሱ።

«አባባ እርሻውን ነው ያወረሰህ» አለች፣ ደም እየተፋች። «እኔን አይደለም። እኔን አላወረሰህም፣ ወንድም ጋሼ!»

ቆመ። ትልቅ ሰው ነው፤ ግን እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አውራ ጣቱን በመዳፉ ጨምቆ ያያታል። እርሻው የቆመው በምላሷ መሆኑን ያውቃል። አሁን ደግሞ ምላሱ የእህቱ መሆኑን ያወቀ መሰለኝ፤ ዘግይቶ ነው።

ወደ መኪናው ሄደ። ነርሷን «ይግቡ» አላቸው።

«ካንተ ጋር?» አሉት። «በእግሬ እሄዳለሁ፣ አንተ አውሬ!»

ከተማ እስክንደርስ ነርሷ በአንድ እጃቸው የእኔን ቅንድብ፣ በሌላው የእሷን አገጭ ይዘው ተጓዙ። ጋሼ አፋቸው አብጦ እየነዱ አንዴ ብቻ ወደ ኋላ ዞሩ።

«ፕሮፌሰር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሙዚየም ውሰደን። ሙዚየም ሰላም ነው።»

ከተማው ጤና ጣቢያ ውስጥ ስድስት ቦታ ሰፉኝ። ለእሷ ምላስ ስፌት አላስፈለገም፤ በራሱ ይድናል አሏት። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ነክሳ ታየኛለች። ያ አስተያየት! ለሌላ ሰው የተላከ ስጦታ በስህተት የደረሰኝ ያህል ከበደኝ።

«አላየሁሽም» አልኳት።

«ምን?»

«መኪናው ውስጥ። ፊት አላይም፣ ባርኔጣ ነው የምቆጥረው። አሥራ አራት ሆነልኝ፤ አለቀ። ልወስድሽ አስቤ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ‹እናያለን› ያልኩሽም ፈርቼ ነው።»

ጥጡን ከአፏ አወጣች።

«ስለዚህ እኔ... በስህተት ነው የወጣሁት?»

«በስህተት ነው።»

ተነስታ ወጣች። በሩን አልወረወረችውም። ቢወረወር ይሻለኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የነርሷ ድምፅ ይሰማኛል። እኔ ወጥቼ በማየት ፋንታ የጣሪያውን እንጨቶች ስቆጥር ቆየሁ። ከብዙ በኋላ በሩ ተከፈተ። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ብትዋሽ ያቺን አፍንጫህን እደግማታለሁ።»

«ጠይቂኝ።»

«እሱ ሲጠይቅህ... ‹እሷ ናት› ብትል ይለቅህ ነበር። ሰምቻለሁ። ‹እኔ ነኝ› ያልከውስ? እሱም ስህተት ነው?»

«እሱ አይደለም።»

«ያኔም አላየኸኝም?»

«ያኔ አንድ ዓይኔ ሊደፈን ነበር» አልኳት። «በቀረችው አንቺን ብቻ ነበር የማየው።»

ልትስቅ ፈለገች፤ ምላሷ አመማትና አለቀሰች። ከዚያ በደህናው እጇ እጄን ያዘች።

«ከእንግዲህ ፊት እያየህ ቁጠር» አለችኝ። «አደራ...»

በነጋታው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስለ ጣቶቿ ቃሏን ሰጠች። ያ የተረገጠው ሠራተኛም ሰምቶ መጣ፤ እኔም የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት ያየሁትን፣ ለእንግዳዬ የዋሸሁትን ጭምር፣ አንድ ሳላስቀር አስመዘገብኩ። ወንድሟ ስምንት ወር ተፈረደበት። እሷ ፋብሪካው ገባች። ከሦስት ወር በኋላ ተጋባን፤ ምስክሮቻችን ጋሼና ነርሷ ነበሩ።

ወንድሟ በተፈታ በሳምንቱ፣ እሁድ ቀትር ላይ፣ ምሳ ልንጀምር ስንል በራችን ተንኳኳ።

«እኔ ነኝ» አለ ከውጭ። «ታላቅ ወንድምሽ።»

ቢላዋውን አነሳሁ። በዓይኗ አስጣለችኝ። በሩ ድረስ ሄደች፤ አልከፈተችም።

«ምን ፈለግክ፣ ወንድም ጋሼ?»

ግንባሩን በሩ ላይ ማስደገፉ ይሰማል።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው... ጣትሽ... ዳነ?»

«ሁለቱ ድነዋል። አንዱ አይታጠፍም።»

የሚያለቅስ ሰው ድምፅ መጣ። እሷ መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች።

«ሰምቼሃለሁ» አለችው። «ግን ገና ነው። አሁን ሂድ። ልቤ ሲከፈት በሩን እከፍታለሁ፤ ያኔ እኔ ራሴ አስጠራሃለሁ።»

«እሺ» አለ። በሕይወቱ ለእሷ «እሺ» ብሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። እግሩ ደረጃውን ሲወርድ፣ የውጭው በር ሲዘጋ ሰማን።

መጥታ ተቀመጠች። ፊቷን በእጇ ጠረገች። ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች።

«ብላ እንጂ» አለችኝ። «ይቀዘቅዝብሃል።»

በላን። እኔ እንደ ነገሩ ነካካሁ። እሷ ግን ሁለቴ ጨመረች።