የኢሶዛኪ መዳፍ

ኢሶዛኪ ታንቆ የተገደለው በገዛ የትግል መድረኩ ላይ ነበር። መርማሪዋ ኩራሞቺ በገመዶቹ መሃል ሾልካ ገባችና አጠገቡ ተንበረከከች። ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። የቀኝ መዳፉ ግን ጠቁሮ አብጧል።

በደጉ ዘመን የኦሳካን ትልቁን አዳራሽ የሚሞላ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ደጅ የሚጠኑት ቡድን ነበረው። ዛሬ የቀረው በአሮጌ የዓሣ መጋዘን ውስጥ የተተከለው ይህ መድረክና ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ሚስቱ ፉሚኖ፣ ዳኛው ሙካይና ታጋዩ ዶይ። በማግሥቱ ኢሶዛኪና ዶይ የመጨረሻውን ግጥሚያ አሳይተው ሊበተኑ ነበር።

ፉሚኖ እንባ አልወጣትም። ጉልበት ቢኖራት ቀድማ ትገድለው እንደነበር ሳትጠየቅ ተናገረች። ሙካይ ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልደበቀም፤ የተጣሉትም በዶይ የተነሣ ነው። በዚህ የትርዒት ትግል ሙያ አሸናፊው አስቀድሞ ይወሰናል፤ ዶይ ዕድሜውን ሙሉ ተሸነፍ ሲባል ተሸንፏል። የመጨረሻዋ ድል ያንተ ናት ተብሎ ነበር። ኢሶዛኪ ግን ትናንት ሐሳቡን ቀየረ።

«ምን ብሎ?» አለች ኩራሞቺ።

«‹አንተ ስታሸንፍ ለማየት ማን ይመጣል?› ብሎ ሳቀበት» አለ ሙካይ።

ሦስቱንም መድረኩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«የሚታነቅ ሰው ያገኘውን ይቧጭራል» አለች። «ይህ ሰው ማንንም አልቧጨረም። ወለሉን በመዳፉ ሲደበድብ ነው የሞተው። ሙካይ፣ እናንተ ዘንድ ይህ ምንድን ነው?»

«በቃኝ ማለት ነው። የያዘው ሰው ወዲያው ይለቃል። ጠላትህም ቢሆን ትለቀዋለህ።»

«ስለዚህ እንደሚለቀቅ አምኖ ነበር። እንደማይለቀቅ ሲገባው ጉልበቱ አልቋል። እርስዎ ወይም እትዬ ፉሚኖ ድንገት ቢያንቁት ኖሮ ከመጀመሪያው ይታገል ነበር። አንገቱን ወዶ የሰጠው ለልምምድ ነው፤ የሚለማመደው ደግሞ ከነገው ተጋጣሚው ጋር ነው።»

ዶይ አልካደም። እንዲያውም ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ ኩራሞቺን የዘገነናት ያ ደስታ ነው።

«ሙካይ፣ አንተ ዳኛ ነህ» አለ። «እጅ ሰጥቷል። የእውነት አሸነፍኩት። ንገራቸው እንጂ።»

ሙካይ ፊቱን ወደ ገመዶቹ አዞረ። ፉሚኖ ናት የመለሰችለት።

«ታዲያ ማን አየህ?»

ዶይ በመድረኩ ዙሪያ የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች አያቸው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ።